ኩራት አይደለም፣ ዓይኔ ነው

የጃማ ሜዳ ሰው ከሩቅ የሚለይበት አገር ነው፤ በአረማመዱ፣ በጋቢው አጣጣል፣ በሚነዳት አህያ ሳይቀር። በከተማችን በደጎሎ እጁን አንስቶ ሰላም ያለህን ሰው ዝም ብለህ ካለፍከው የምታቀርበው ሰበብ የለም። እኔ በልጅነቴ ስንቱን አለፍኩት! ነገሩ የሚደርሰው ለእናቴ ነበር፦ «ልጅሽ ምነው ኮራችብን?»

ዓይኔ ከጥቂት እርምጃ ወዲያ ሰው መሆኑን እንጂ ማንነቱን አይነግረኝም። በቅርብ ግን ማን እንደኔ! ምስር ስለቅም ጠጠር አታመልጠኝም፤ ጎረቤት ሁሉ መርፌውን ክር የሚያስገባው በእኔ ነበር። ቤተሰቡን ያዘናጋውም ይኸው ነው። መርፌ የሚሰካ ዓይን ችግር አለበት ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሐኪሞች ማዮፒያ ይሉታል። የዐዋቂ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሚገባው ብርሃን ተሰብስቦ ከኋላ በተነጠፈችው ሬቲና ላይ ማረፍ አለበት። ማዮፒያ ያለበት ዓይን ግን አብዛኛውን ጊዜ ረዘም ያለ ነው። ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን ሬቲናው ጋ ሳይደርስ ይሰበሰብና ሲደርስ ተበትኖ ይደርሳል። ብዥታው ያ ነው። አንዲት ሚሊ ሜትር መርዘም ብቻዋን ከ2 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) በላይ ጉድለት ታመጣለች። መሐሉ የሳሳ ሌንስ ደግሞ ብርሃኑን አስቀድሞ በተን ስለሚያደርገው ምስሉ ወደ ኋላ ተገፍቶ ቦታው ላይ ያርፋል። በማዘዣው ላይ የምታዩት የመቀነስ ምልክት ይህን ሌንስ ያመለክታል። የእኔ መቀነስ 3 ነው፤ መነጽሬን ሳወልቅ ጥርት ብሎ የሚታየኝ እስከ 33 ሳንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ነው።

የተመረመርኩት ደሴ አጠገብ ባለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። ባለሙያው ከባድ የሙከራ መነጽር አፍንጫዬ ላይ አስቀምጦ ሌንስ ይቀያይራል፤ «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?» ይለኛል። በመጨረሻ በመስኮቱ እንዳይ ነገረኝ። ግቢው ማዶ ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ መፋቂያ ይዞ ጥርሱን ይፍቃል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሌላው ሰው እንዲህ እንደሚያይ አላውቅም ነበር፤ የደበዘዘ ዓለም ውስጥ ያደገ ልጅ ከምን ጋር አወዳድሮ «አይታየኝም» ይላል?

ዛሬ እዚሁ ጃማ ውስጥ አስተምራለሁ። ዓይኑን አጥብቦ ሰሌዳውን የሚያይ ልጅ ሲያፌዝ አይደለም፤ ማጥበቡ የተበተነውን ብርሃን ስለሚቀንስለት ነው። ከሰሌዳው ይልቅ ከጎረቤቱ ደብተር የሚገለብጠውንም ሰነፍ ከማለቴ በፊት ፊት ወንበር አስቀምጬ አያለሁ። አንዱን ዓይን ሸፍኖ በሌላው፣ ከዚያ አቀያይሮ ማስነበብም ይጠቅማል፤ ደህናው የደካማውን ጉድለት ስለሚሸፍንለት።

መንስኤው በከፊል ዘር ነው፤ አባቴም እስኪቀርቡት ሰው አይለይም ነበር። በከፊል ደግሞ ከደጅ ብርሃን መራቅ ነው። በቻይናዋ ጓንዡ በየቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ የደጅ ክፍለ ጊዜ ከተሰጣቸው የአንደኛ ክፍል ልጆች በ3 ዓመት ውስጥ ማዮፒያ የያዛቸው 30 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው 40 በመቶ ገደማ ሆነዋል። ከብት ሲጠብቅ የሚውል ልጅ በዚህ በኩል ከከተማው ልጅ የተሻለ ዕድል አለው። ሆኖም ጉዳዩ የከተማ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005–06 በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት፣ በኢትዮጵያ የዕይታ መዳከም ካለባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ችግራቸው መነጽር የሚያርመው ዓይነት ነበር።

ወላጆች «ቲቸር፣ መነጽር ከለመደችማ ዓይኗ ይሰንፋል» ይሉኛል። ነገሩ እንዲያውም ተቃራኒው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ የማሌዥያ ጥናት ሆን ተብሎ ከሚያስፈልጋቸው ያነሰ መነጽር የተሰጣቸው ልጆች ጉድለታቸው በበለጠ ፍጥነት ጨምሯል። ቁጥሩ የሚጨምረው ዓይን ከልጁ ጋር ስለሚያድግ ነው፤ ስለዚህ እስከ 20 ዓመት ገደማ በየዓመቱ መመርመር ያሻል። ከመቀነስ 6 ካለፈ ደግሞ ሬቲናው ስለሚሳሳ የመላቀቅ አደጋ አለ። ድንገት ብልጭታ ከታየ፣ ጥቋቁር ነጠብጣብ ከበዛ ወይም በዓይን ጥግ መጋረጃ የወረደ ከመሰለ የገበያ ቀን ሳይጠበቅ በዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል መኪና መሳፈር ነው።