«እንደውላለን» ከተባለ በኋላ

በዚህ ዓመት ከተመረቁና ሥራ መፈለግ ከጀመሩ ልጆቻችን፣ ከወላጆቻቸውም፣ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ደጋግሞ የመጣው ጥያቄ ማመልከቻ እንዴት ይጻፋል የሚል አልነበረም። «ጠርተው አነጋገሩኝ፣ ጥሩ መለስኩ፣ እንደውላለን አሉኝ፤ ይኸው አሥር ቀን ሆነ፤ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም ብዙ ልጅ ሥራ የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በእነዚህ ቀናት ውስጥ ስለሆነ፣ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ሰፋ አድርገን ልንጽፍበት ወደድን።

በእኛ ሕዝብ ዘንድ ሁለት ልማዶች አሉ፤ ሁለቱም እዚህ ላይ ይጎዳሉ። አንደኛው ይሉኝታ ነው። «ከፈለጉኝ ይደውላሉ፣ ካልፈለጉኝ ምን አስጨነቃቸዋለሁ» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ። ሁለተኛው ደጅ ጥናት ነው። በቀድሞው ዘመን ሹመት ወይም ፍርድ የሚፈልግ ሰው ከመኳንንት ደጅ ወራት ይቆም ነበር፤ መታየቱ ራሱ ልመና ነበር። ዛሬም በየማለዳው ከፋብሪካ በር የሚቆም፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚደውል ልጅ አለ። የመጀመሪያው ይረሳል፣ ሁለተኛው ይሰለቻል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በጨዋነት፣ በተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ ቁጥር መጠየቅ ነው።

ለወላጆች አንድ ነገር ማንሳት ይገባናል። አብዛኞቻችን ሥራ የፈለግነው አገር ቤት ነው። አገር ቤት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተወዳዳሪዎችን ፈትኖ ውጤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። ክፍት ቦታውን የምናገኘው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ነበር፤ አራት ኪሎ መንገድ ዳር ጋዜጣ ተከራይተን ያነበብንም እንኖራለን። ውጤቱን የሚነግረን ሰሌዳው ስለነበር ማንንም መጠየቅ አያስፈልገንም ነበር። ባሕሪ ውስጥ ልጆቻችን የሚያመለክቱባቸው ወርክሾፖች፣ ክሊኒኮች፣ ሱቆችና ትንንሽ ኩባንያዎች ግን ሰሌዳ የላቸውም። ውጤቱ ያለው በአንድ ሰው ጭንቅላት ወይም በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ዝም ብለህ ጠብቅ» የሚለው የወላጅ ምክር ለሌላ አገርና ለሌላ አሠራር የተሰጠ ምክር ነው።

እናንተ ከክፍሉ ከወጣችሁ በኋላ ቢሮው ውስጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ ጭንቀቱን ያቀላል። ብዙ ጊዜ ከእናንተ በኋላ የሚነጋገሩ ሌሎች አመልካቾች አሉ። ያነጋገራችሁ ሰው ወሳኙ ላይሆን ይችላል፤ ወሳኙ ባለቤቱ ይሆንና እርሱ ደግሞ ፖርት ሱዳን ዕቃ ሊያስለቅቅ ሄዷል። አመልካቹ የውጭ አገር ሰው ሲሆን የሥራ ፈቃድ ጉዳይ ይነሳል፤ «ወረቀቱን ማን ይጨርሳል፣ ስንት ያስወጣል» የሚል ንግግር ይጨመራል። አንዳንድ ጊዜም የመጀመሪያ ምርጫቸው ሌላ ሰው ይሆንና ያ ሰው መልስ እስኪሰጥ ድረስ እናንተን «አይ» ሳይሉ ያቆያሉ። የመጀመሪያው ሰው ሲቀር ቀጣሪው ዝርዝሩን እንደገና አያጠናም፤ ስሙ ትዝ የሚለውንና ስልኩ የሚነሳለትን ይጠራል። ዝምታው ብዙ ጊዜ ስለ እነርሱ ነው እንጂ ስለ እናንተ አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ገና ከክፍሉ ሳትወጡ ነው። ስትሰናበቱ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ውሳኔው መቼ ይታወቃል፣ ማንን ልጠይቅ፣ በስልክ ልጠይቅ ወይስ በአካል ልምጣ? በዐረብኛው «አጂኩም ሚቲን?» ማለት ይበቃል፤ ማንም አይከፋበትም። ይህን የጠየቀ ልጅ ከሳምንት በኋላ ሲደውል ለማኝ አይሆንም፤ በቀጠሮው የተገኘ ሰው ነው። የተነገራችሁን ስም፣ ማዕረግና ቁጥር በሩ ላይ እንደደረሳችሁ ጻፉት። ሱዳን ውስጥ መሐንዲስን «ባሽሙሃንዲስ»፣ የቢሮ ሰውን «ኡስታዝ» ብሎ መጥራት ክብር ነው፤ ስሙን ብቻ መጥራት ግን ድፍረት ይመስላል።

የቀን ነገር ከሁሉ ይልቅ ልጆቻችንን ያሳስታል። እዚህ አገር መሥሪያ ቤት የሚዘጋው ዓርብና ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ያነጋገሩት ልጅ ቅዳሜ ቢደውል የደወለው በሰው ዕረፍት ላይ ነው፤ የመጀመሪያው የሥራ ቀን እሑድ ነው፤ ለብዙዎቻችን የቤተ ክርስቲያን ቀን። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ስልኩን የዘጋ ሰው፣ ከቅዳሴ እንደወጣ ከፍቶ ማየት አለበት። «በወሩ 10 ተመለስ» ከተባላችሁም የማን አቆጣጠር እንደሆነ አስቡ። የእኛ ጥር 10 በእነርሱ ጃንዋሪ 18 ነው፤ ስምንት ቀን ዘግይቶ የደረሰ አመልካች ቦታው ተይዞ ያገኘዋል። «ሳዓ ተስዓ» ማለትም የእኛ ሦስት ሰዓት እንጂ ዘጠኝ ሰዓት አይደለም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሲጨነቁ ግን ይስቱታል። ሌላም አለ፤ ሱዳን እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለመለሰች ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትዘገያለች። አዲስ አበባ ያለ ምስክር ስማችሁ ላይ ካለ፣ ከዚህ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን እርሱ ዘንድ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ለቀጣሪው ንገሩት።

ከዚያ የመጀመሪያው መልእክት ይመጣል። በአሜሪካ ቃለ መጠይቅ ያደረገ ሰው በማግስቱ የምስጋና ደብዳቤ መላክ የተለመደ ነው። ባሕሪ ውስጥ ማንም ይህን አይጠብቅም፤ ስለማይጠበቅ ደግሞ ይታወሳል። ረጅም አይሁን። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ኡስታዝ። ዛሬ ጠዋት ለግምጃ ቤት ጸሐፊነት ያነጋገሩኝ እገሌ ነኝ። ጊዜዎን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ስለ ዕቃ አመዘጋገቡ የነገሩኝ ሥራውን ይበልጥ እንድፈልገው አድርጎኛል። የጎደለ ማስረጃ ካለ ወዲያው አቀርባለሁ። በዚሁ ቁጥር ያገኙኛል።»

ስለ ችግራችሁ አትጻፉ። የቤት ኪራይ መድረሱን፣ ታናናሾቻችሁን የምትረዱ መሆናችሁን፣ ስደተኛ መሆናችሁን ቀጣሪው ሲያነብ ያዝን ይሆናል፤ የሚቀጥረው ግን ሥራውን ይሠራል ብሎ ያመነበትን ነው። በእኛ እምነት የልመና ቃል ያለበት መልእክት ከመላክ ምንም አለመላክ ይሻላል።

ሁለተኛው መልእክት የተባለው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ቀን ካልተነገራችሁ አንድ የሥራ ሳምንት ጠብቁ፤ በረመዳን ወቅት ከሆነ የሥራ ሰዓት ስለሚያጥር ትንሽ ጨምሩበት። «ውሳኔው በዚህ ሳምንት ይታወቃል ብለውኝ ስለነበር የደረሰበትን ለመጠየቅ ነው፤ ገና ከሆነም መቼ ብጠይቅ እንደሚሻል ይንገሩኝ» በሉ። ይህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ቀላል ነው፤ «ተቀጥሬያለሁ ወይስ አልተቀጠርኩም?» የሚለው ግን ሰውን ጥግ ያስይዛል። በስልክ ከሆነ ሰላምታውን አታሳጥሩ። ሱዳናዊ ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ የሚገባን ሰው እንደ ቸኳይ ያየዋል። ሰዓቱንም ምረጡ። ከረፋዱ የእኛ ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት የፉጡር ጊዜ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚደውል ሰው ፉል ሲቆረስ ነው የሚደርሰው። ከፉጡር በኋላ ያለው አንድ ሰዓት መልካም ነው። ሦስተኛ ጊዜ ከጠየቃችሁና መልስ ከሌለ ግን ተዉት፤ ፍለጋውንም ቀጥሉ።

መጠየቂያው መንገድ እንደ ቦታው ይለያያል። ባሕሪ የኢንዱስትሪ ሠፈር ላሉ ፋብሪካዎችና ጋራዦች በአካል መሄድ ይበልጣል፤ እዚያ ኢሜይል የሚከፍት ጥቂት ነው፣ ፎርማኑ ግን ፊት ያስታውሳል። ሄዳችሁ ሰላም በሉ፣ ጠይቁ፣ ተመለሱ፤ በሩ ላይ አትቆዩ። የረድኤት ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ቢሮዎች ተቃራኒ ናቸው። ማስታወቂያቸው ላይ ብዙ ጊዜ የምናነጋግረው ለመጨረሻ ዙር ያለፉትን ብቻ ነው ብለው ይጽፋሉ፤ እዚያ በአካል መሄድ ሕግ እንደ መጣስ ይቆጠራል፣ አንድ አጭር ኢሜይል ግን አይጎዳም።

ስለ ስልክ ትንሽ እንበል። ከጥቅምት 15 ቀን እስከ ኅዳር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በመላው ሱዳን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም.ም ከግንቦት 26 ቀን ጀምሮ ከአንድ ወር በላይ እንዲሁ ሆኗል። በዋትሳፕ ብቻ የሚገኝ ልጅ በእነዚያ ሳምንታት አይገኝም ነበር። ስለዚህ ማመልከቻችሁ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ አንዱ የእናንተ፣ አንዱ ቤት የሚውል ሰው። ቤት የሚውለው ሰው ዐረብኛ የማይችል ከሆነ ሁለት ቃል አስጠኑት፤ የልጁን ስምና «በዕደ ሹወያ»። እናት ሳታውቅ «ስህተት ነው» ብላ የዘጋችው ስልክ የሥራ ጥሪ ሊሆን ይችላል። ከሰው የተዋሳችሁትን ሲም ካርድም ለቀጣሪ አትስጡ።

አሁን ወደ ወላጆች እንመለስ። «ዋስጣ» የሚባለው ነገር እዚህ አገር እንዳለ አንክድም። የምታውቁት ሰው ካለ አስቀድሞ «እገሌ የሚባል ልጅ አመልክቷል፣ ጨዋ ነው» ማለቱ ነውር የለበትም። ከቃለ መጠይቁ በኋላ ሽማግሌ መላክ፣ አባት ራሱ ሄዶ «ልጄን ምን ወሰናችሁለት?» ማለት ግን ልጁን ያሳንሰዋል። ቀጣሪው ነገ ልጁን ሲቆጣ ሽማግሌ እንደሚመጣበት ያስባል። ማታ ማታ «ዛሬስ ምን አሉህ?» የሚለውንም ቀነስ ብናደርግ ጥሩ ነው፤ መልስ የሌለውን ሰው መልስ መጠየቅ ቤቱን ያከብደዋል።

መልሱ ሲመጣም ማንበብ ያስፈልጋል። «ኢን ሻ አላህ» እውነተኛ ተስፋም፣ በትሕትና የተነገረ «አይሆንም»ም ሊሆን ይችላል። ቀን አብሮት ካለ፣ «እሑድ ና፣ ኢን ሻ አላህ» ከተባለ፣ እሑድ ሂዱ። ቀን ከሌለውና ሁለት ጊዜ ከተደገመ አይሆንም ማለት ነው። በዚህ ቃል ላይ ተማምኖ የያዘውን ሥራ የለቀቀ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ይሆናል። እሺ ከተባላችሁ ደመወዙን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የዕረፍት ቀኑን፣ የሥራ ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ በወረቀት እንዲሰጧችሁ በጨዋነት ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የሱዳን የሠራተኛ ሕግ የሙከራ ጊዜን ከሦስት ወር እንዳይበልጥ፣ መደበኛ ሥራንም በሳምንት 48 ሰዓት ይወስናል። አገር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ።

ሴት ልጆቻችን በተለይ ይህን ይስሙ። ከቃለ መጠይቅ በኋላ «ውሳኔውን ልንገርሽ» ብሎ ማታ ከቢሮ ውጭ የሚቀጥር ሰው ቀጣሪ አይደለም። «ስምሽን ላሳልፍ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላም እንዲሁ። ፓስፖርትም ሆነ የስደተኛ መታወቂያ ለማንም በመያዣነት አይሰጥም፤ ፎቶ ኮፒ ይበቃል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ክትትሉን ማቆምና ለቤተሰብ ወይም ለእኛ መናገር ነው።

«አይ» ከተባላችሁም አንድ መልእክት ይቀራል። «ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ፤ ሌላ ቦታ ሲከፈት ቢያስታውሱኝ ደስ ይለኛል፤ ምን ባሻሽል ይሻለኛል?» የሚለውን ቁጡም ሰው በመልካም ይቀበለዋል። አንዳንዱ እውነቱን ይነግራችኋል፤ ዐረብኛ መጻፍ አለመቻል፣ የኮምፒውተር ሒሳብ አለማወቅ። ይህን ለእኛም አምጡልን፤ የክረምት ትምህርቱን የምናዘጋጀው በዚህ ነው።

በመጨረሻ ስለ ጽሕፈት ቤታችን። ቀጣሪዎች ስለ ቀድሞ ተማሪዎች ሊያረጋግጡ ወደ እኛ ይደውላሉ። ስማችንን በማስረጃነት የሰጣችሁ ልጆች በዚያው ቀን የድርጅቱን ስምና የሥራውን ዓይነት አስታውቁን፤ ፋይላችሁን አውጥተን እንጠብቃለን። የሁለቱ መልእክቶች ናሙና በአማርኛ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቷል። ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ ከፉጡር በኋላ፣ መጥቶ መውሰድ ይቻላል።