«ዕቁቤ ሊወጣ ነው፤ የቱን ሌንስ ልግዛ?»

የዛሬውን ጨዋታ ያመጣው አንድ የኮን ልጅ ነው። ስሙ ይቆየንና ጉዳዩን እንያዝ። ልጁ ያገለገለች የካነን ካሜራ አለችው። ከካሜራዋ ጋር የመጣች 18-55 የምትል ትንሽ ሌንስም አለችው። በእሷ ሠርግ ያነሳል፣ ምረቃ ያነሳል፣ ክርስትና ያነሳል። ገና ሲደርስ ደግሞ በጋሸና አድርጎ ላሊበላ ይሻገራል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? በገና ዕለት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ማሜ ጋራ ላይ ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ ሲያቀርቡ እሱ ከሕዝቡ ኋላ ነው። አልፎ መጠጋት አይችልም፤ ቢችልም ነውር ነው። ያነሳውን ቤቱ ገብቶ ሲያየው ካህናቱ የጤፍ ፍሬ አክለዋል። እንዲህ ያለውን ፎቶ ማን ይገዛዋል?

አሁን ዕቁቡ ሊደርሰው ነው። አንድ ነጋዴ «75-300 አለልህ፤ ርካሽ ነው፤ 300 ስለሆነ ደግሞ ሩቁን ያመጣልሃል» አለው። አንድ ጓደኛው በበኩሉ «ተው! ትንሽ ጨምረህ 55-250ውን ግዛ» ይለዋል። ልጁ ግራ ገባው። «300 እያለ 250ን አስወድጄ የምገዛው በምን ሒሳብ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ጥያቄው የሱ ብቻ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ኮቪዱና ጦርነቱ ከመጡ ወዲህ ደግሞ የላሊበላና የአካባቢው የቱሪስት ገበያ እንደ ድሮው አልሆነም። እንዲህ ባለ ጊዜ የአንድ ዓመት ዕቁብ በተሳሳተ ሌንስ ቢበላ ተመልሶ የሚመጣው መቼ ነው? ስለዚህ ከኪሳችሁ በፊት ጆሮአችሁን ስጡኝ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ሌንስ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ባደገ መጠን ሩቁ ይቀርባል፣ የሚታየው ቦታ ግን ይጠባል። በጀማሪ የካነን ካሜራ እናስላው። ከ30 ሜትር ርቀት ላይ ቆማችሁ በ55 ብታነሱ 12 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦታ ይገባላችኋል። ይኸ አንድ ሙሉ የካህናት ረድፍ ነው። በ250 ሲሆን 2 ሜትር ከ70 ገደማ ይቀራል፤ ሁለት ሦስት ሰው ማለት ነው። በ300ስ? 2 ሜትር ከ20።

አያችሁ? ከ55 ወደ 250 መሄድ ዓለምን ይለውጣል። ከ250 ወደ 300 መሄድ ግን ከሥዕሉ ዳርና ዳር ግማሽ ሜትር ብቻ ነው የሚቀንሰው። ነጋዴው «300! 300!» እያለ የሚጮኸው ለዚህች ግማሽ ሜትር ነው።

እጅ ይንቀጠቀጣል

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ የእጃችሁንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላል። የድሮ ፎቶ አንሺዎች ሕግ አላቸው፤ የሌንሱ ቁጥር ስንት ነው? የካሜራው ፍጥነት ከዚያ አይነስ ይላሉ። በጀማሪ የካነን ካሜራ ቁጥሩን በ1.6 ማባዛት ነው። በ250 ስታነሱ ከሴኮንድ 1/400 በታች መውረድ የለባችሁም ማለት ነው። በጠራራ ፀሐይ ችግር የለውም። የገና ንጋት ላይ፣ የደጋው ጉም ሳይገፈፍ፣ ወይም 12 ሜትር ያህል ወደ ታች በተቆፈረው የቤተ ጊዮርጊስ ጥላ ውስጥ ግን ይኸን ፍጥነት ከየት ታመጣላችሁ?

ለዚህ የተሠራ መድኃኒት አለ፤ ሌንሱ ውስጥ የሚቀመጥ መንቀጥቀጥ መከላከያ ነው። ካነኖች «አይ ኤስ» ይሉታል፣ ኒኮኖች «ቪ አር»። አምራቾቹ እንደሚሉት ከ3 እስከ 4 እርከን ያድናል። በ3 እርከን እንኳ ብናስበው 1/400 ይጠይቅ የነበረውን በ1/50 ታነሱታላችሁ። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ መከላከያው የናንተን እጅ እንጂ የሚያሸበሽበውን ካህን አያቆምም። እንቅስቃሴ ሲኖር 1/250 አካባቢ ያዙና አይ ኤስ ኦውን ወደ 1600 ወይም 3200 ከፍ አድርጉት። ትንሽ የሚያሸዋ ፎቶ ከተንቀጠቀጠ ፎቶ ይሻላል።

ነጋዴው ያቀረበው ርካሹ የካነን 75-300 ይኸ መከላከያ የለውም። ታሪኩ የሚያስቅ ነው፤ ለካሜራ ተቀያሪ ሌንሶች መንቀጥቀጥ መከላከያ መጀመሪያ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1995 በካነን 75-300 ላይ ነው። ዛሬ በርካሽ የሚዞረው «ቁጥር ሦስት» የሚባለው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ያለ መከላከያ የወጣው ነው። ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሌላ። «75-300 መከላከያ አለው» የሚላችሁ ሰው ካለ ፊደሉን አሳየኝ በሉት።

ፊደሉን ሳታነቡ ብር አትቁጠሩ

የካነን ጀማሪ ካሜራ ላላችሁ 55-250 ሦስት ዓይነት ወጥቷል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2007፣ ሁለተኛው በ2011፣ ሦስተኛው በ2013። ሦስቱም መከላከያ አላቸው። መጨረሻ ላይ «ኤስ ቲ ኤም» የሚለው ከሁሉ ይሻላል፤ ፎከሱ ዝም ያለ ነው፣ በ250 ላይም ጥርት አድርጎ ያወጣል፣ ክብደቱ 375 ግራም ብቻ ነው። ብሩ ካልሞላ ግን የ2007ቱም አያሳፍርም። ሌንሱ የሚገጥመው ለጀማሪዎቹ ካሜራዎች ነው፤ ትልቅ ሴንሰር ያላቸው እነ 5ዲና 6ዲ ላይ አይገባም።

የኒኮን ልጆች ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለባችሁ። የ3000 እና የ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም። ስለዚህ ሌንሱ ላይ «ኤ ኤፍ-ኤስ» የሚል ይኑርበት። «ኤ ኤፍ» ብቻ የሚል አሮጌ 70-300 ከገዛችሁ ዕድሜ ልካችሁን በእጅ እያዞራችሁ ነው የምታነሱት። አዲሱ «ኤ ኤፍ-ፒ» 70-300 ደግሞ ጎበዝ ነው፣ ግን ዲ3100 እና ዲ3200 ላይ ጨርሶ ፎከስ አያደርግም። ለነዚህ ካሜራዎች «ቪ አር» የሚል ፊደል ያለበት 55-200 ብትፈልጉ ያዋጣችኋል። ያለ «ቪ አር» የወጣም 55-200 ስላለ ዓይናችሁን ግለጡ።

ያገለገለ ሲሆን

በቴሌግራም አይታችሁ ቀብድ የምትልኩ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ! ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱና ራሳችሁ ሞክሩት።

አንደኛ፣ የስልክ ባትሪ አብሩና በአንድ በኩል አስገብታችሁ በሌላው እዩ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ተመልሳችሁ ኑ። አንድ ሁለት የአቧራ ቅንጣት ግን አያስደንግጣችሁ።

ሁለተኛ፣ ከትንሹ ቁጥር እስከ ትልቁ አዙሩት። የሚንቋቋ ወይም የሚይዝ ከሆነ ወድቆ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ሩቅ ያለ የሱቅ ስም ላይ በትልቁ ቁጥር አነጣጥሩና 10 ጊዜ አንሱ፤ መከላከያውን አብርታችሁ 5፣ አጥፍታችሁ 5። ልዩነት ካላያችሁ መከላከያው ሞቷል።

አራተኛ፣ ፎቶውን በካሜራው መስኮት አጉልታችሁ አራቱንም ማዕዘን እዩ። አንዱ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ብርጭቆው ቦታውን ለቋል።

የደጋ ልጆች አንድ ተጨማሪ አለባችሁ። ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ሌንሱን ወዲያው ከቦርሳ አታውጡ። ላብ ይይዘዋል፤ ሻጋታውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ለሠርግ ከሆነስ?

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። እንጀራህ የማታ ሠርግና የአዳራሽ ፕሮግራም ከሆነ ሩቅ አቅራቢ ሌንስ አሁን አያስፈልግህም። እነዚህ ሌንሶች በትልቁ ቁጥራቸው ላይ ኤፍ 5.6 ናቸው፤ ብርሃን በጠባቡ ነው የሚያስገቡት። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የምትባለው ትንሽ ሌንስ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታስገባለች። ዋጋዋም ከባድ አይደለም። የገና ዋዜማ ሌሊት በጧፍ ብርሃን ለሚያነሳም የምትሆነው እሷ ናት። ሩቁን ሌንስ ለንጋቱና ለቀኑ ተውለት።

ቀን ቀን ግን ጥቅሙ ብዙ ነው። በላስታ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አለው። ጭላዳው ገደል አፋፍ ላይ ሣር ሲነጭ ሳታስበረግጉት የምታነሱት በ250 ነው። ለቀይ ቀበሮ ያጥራችሁ ይሆናል፤ ቢሆንም ትዕግሥት ከ50 ሚሊ ሜትር ይበልጣል።

ከሩቅ ስላነሳህ አልሰረቅህም ማለት አይደለም

የመጨረሻዋ ምክሬ ስለ ዕቃ አይደለችም። ይኸ ሌንስ ሰው ሳያውቅባችሁ ፊቱን ያመጣላችኋል። ስዕለቷን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ የምታለቅስ እናት፣ ከሩቅ አገር በእግሩ መጥቶ ደክሞት የተኛ ምዕመን፣ ከጓደኛዋ ጋር ቆማ የምታወራ ልጅ፣ ሁሉም በ250 ውስጥ ይገባሉ። ማንሳት ስለቻላችሁ ብቻ አታንሱ። ካነሳችሁም ጠጋ ብላችሁ «እማማ፣ ፎቶ አንስቼዎት ነበር፤ ይዩት፣ ካልፈለጉ አጠፋዋለሁ» በሉ። ፎቶው የተሸጠ እንደሆነ ደግሞ የሳቸውን ድርሻ አትርሱ። አገሬው የሚያምናችሁ ፎቶ አንሺ ከሆናችሁ በሚቀጥለው ገና ራሳቸው ካህናቱ «ና፣ ከዚህ ሆነህ አንሳ» ይሏችኋል። ያን ቀን 55ቱም ይበቃችኋል።

ለኮኑ ልጅ መልሴ እንግዲህ ይኸው ነው፤ 75-300ውን ተወው። ያገለገለ 55-250 ፈልግ፣ ፊደሉን አንብብ፣ ሞክረህ ግዛ። የተረፈህ ብር ካለ 50ዋን ጨምርባት። ዕቁቡ ካልበቃ ደግሞ ያለችህን 18-55 ይዘህ አንድ ዙር ታገሥ፤ ያለ ሌንስ የሚያልፍ ገና ያስቆጫል፣ በማይረባ ሌንስ የሚባክን ዕቁብ ግን የበለጠ ያስቆጫል።