የዓመት ፈቃዳችሁን ለነፍሳችሁ፦ በስፔን የስድስት ቀን የእግር ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

የዓመት ፈቃዳችሁ ሲደርስ ምን ታደርጉበታላችሁ? በአውሮፓ የምንኖር ብዙዎቻችን ወይ ለተጨማሪ ሥራ ወይ ለኮንፈረንስና ለሠርግ ሽር ጉድ እናውለዋለን። ወደ ሥራ የምንመለሰውም ከበፊቱ ይበልጥ ደክመን ነው። በተለይ በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ወንድሞችና እህቶች «እኔ ካረፍኩ ማን ይሠራዋል?» እያሉ ዓመታት ያሳልፋሉ፤ ድካሙ ግን ቆይቶ በትዳር፣ በጤናና በጸሎት ሕይወት ላይ ይወጣል።

ኤልያስን አስቡ (1ኛ ነገሥት 19)። ተስፋ በቆረጠ ጊዜ እግዚአብሔር አስቀድሞ የሰጠው እንቅልፍና እንጀራ ነበር። ከዚያ ረጅም መንገድ ሄደ፤ ጥያቄ የተጠየቀው ከመንገዱ በኋላ ነው። ራስን ለመመርመር የሚደረግ ጉዞም በዚሁ ቅደም ተከተል ሲታቀድ ፍሬ ያፈራል፤ መጀመሪያ ዕረፍት፣ ቀጥሎ መንገድ፣ በመጨረሻ ውሳኔ። ለዚህ ከሚመቹ ስፍራዎች አንዱ በሰሜን ምዕራብ ስፔን የሚገኘው የካሚኖ መንገድ ነው።

መንገዱ ምንድን ነው?

ካሚኖ ማለት በስፓኒሽ «መንገድ» ማለት ነው። መድረሻው የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር ይገኝባታል ተብሎ በሚታመንባት በሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ከተማ ያለው ካቴድራል ነው። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሰዎች ይጓዙበታል። ከፈረንሳይ ድንበር የሚነሳው ዋናው መንገድ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከአንድ ወር በላይ ሊፈጅ ይችላል። በ2024 ብቻ ወደ 500 ሺህ የሚጠጋ ሰው በልዩ ልዩ መንገዶች ተጉዞ የምስክር ወረቀት ተቀብሏል።

«ታዲያ ይህ የካቶሊክ ሥርዓት አይደለምን?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማርቲን ሉተርም ይህን ጉዞ አጥብቆ ነቅፎ ነበር፤ ምክንያቱም ሰዎች በእግራቸው ድካም ጽድቅን ለማግኘት ይሄዱ ስለ ነበር ነው። እኛም መዳን በጸጋ እንጂ በሥራ እንዳልሆነ እናምናለን (ኤፌሶን 2፥8-9)። ስለዚህ ስትነሡ ይህን በልባችሁ አጽኑ፦ የምትሄዱት ስርየት ለማግኘት ሳይሆን ስርየትን እንዳገኘ ሰው ለማረፍና ለመጸለይ ነው። የምስክር ወረቀቱን መቀበል ወይም አለመቀበል ለኅሊናችሁ የተተወ ነው፤ ማንም አያስገድዳችሁም።

መቼና ስንት ቀን?

ጊዜ ለሌለው ሰው የመጨረሻው ክፍል፣ ከሳሪያ እስከ ሳንቲያጎ ያለው 115 ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃዋል። በስድስት ቀን እንዲህ ሊከፈል ይችላል፦

1ኛ ቀን ከሳሪያ እስከ ፖርቶማሪን 22 ኪ.ሜ.
2ኛ ቀን እስከ ፓላስ ደ ሬይ 25 ኪ.ሜ.
3ኛ ቀን እስከ ሜሊዴ 15 ኪ.ሜ.
4ኛ ቀን እስከ አርሱዋ 14 ኪ.ሜ.
5ኛ ቀን እስከ ኦ ፔድሮውዞ 19 ኪ.ሜ.
6ኛ ቀን እስከ ሳንቲያጎ 20 ኪ.ሜ.

ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ሆን ተብሎ አጭር ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ለመጻፍና ለመጸለይ ጊዜ የምታገኙት በእነዚህ ቀናት ነው። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ቢኖረውም በቢጫ ቀስትና በድንጋይ ምልክት ስለሚመራ መጥፋት አይቀልም። በየመንደሩ በድንጋይ እግር ላይ የቆሙ፣ የአገራችንን ጎተራ የሚያስታውሱ የእህል ማስቀመጫዎች ታያላችሁ። በፖርቶማሪን ደግሞ በ1960ዎቹ አሮጌው ከተማ በግድብ ውኃ ሊዋጥ ሲል ድንጋዩ እየተቆጠረ ተነሥቶ ከፍ ባለ ስፍራ እንደገና የተገነባ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሕይወቱን እንደገና ሊያቀና ለሚያስብ ሰው ቆም ብሎ የሚታይ ነው።

ተመራጩ ወራት በፈረንጆቹ ሜይ፣ ጁንና ሴፕቴምበር ናቸው። ጁላይና ኦገስት ይጨናነቃሉ። ጁላይ 25 እሑድ የሚውልበት ዓመት በካቶሊኮች ዘንድ ቅዱስ ዓመት ስለሆነ ሕዝቡ ይበዛል፤ 2027 እንዲህ ያለ ዓመት ነው።

ቪዛና ገንዘብ

ከሸንገን አገሮች የአንዱ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ለአጭር ጉብኝት ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከአዲስ አበባ፣ ከእንግሊዝ ወይም ከዓረብ አገሮች የሚመጣ ግን የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ከጉዞው ከ6 ወር በፊት ጀምሮ፣ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት ይገባል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ዋስትናም ይጠየቃል። ከ2024 ወዲህ የአዋቂ ሰው ክፍያ 90 ዩሮ ሲሆን ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ስለዚህ ቪዛው በእጃችሁ ሳይገባ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አትግዙ።

በጋሊሺያ የሕዝብ ማደሪያዎች አንድ አልጋ 10 ዩሮ ያህል ነው፤ አስቀድሞ አይያዝም። የግል ማደሪያዎች ትንሽ ወደድ ቢሉም ቀድሞ መያዝ ይቻላል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ተደራራቢ አልጋ ያለባቸው የጋራ ክፍሎች ናቸው። ምግብ ጨምሮ ለአንድ ቀን ከ40 እስከ 50 ዩሮ አስቡ። ተበድራችሁ አትሂዱ፤ ለቤተሰብ የምትልኩትንም አታጉድሉ። የዕዳ ጭንቀት ያለበት ዕረፍት ዕረፍት አይሆንም።

ምን ይያዝ?

ቦርሳችሁ ከክብደታችሁ አንድ አሥረኛ አይለፍ። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ አትሂዱ፤ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ ተለማመዱበት፣ አለዚያ በሁለተኛው ቀን እግራችሁ ውኃ ይቋጥራል። ጋሊሺያ ዝናብ ይወዳል፤ የዝናብ ልብስ አይቅር። ቀላል ስሊፒንግ ባግ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ መጽሐፍ ቅዱስና አንድ ደብተር ይበቃል። ጀርባውን የሚያመው ሰው ቦርሳውን በክፍያ ወደሚቀጥለው ማደሪያ ማስላክ ይችላል። ብቻዋን የምትጓዝ እህት የየዕለቱን ማደሪያዋን ለቤተሰብ ታሳውቅ፤ የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው።

በምግብ ቤት ለተጓዦች ከሚቀርበው ምግብ ጋር ወይን ሊመጣ ይችላል፤ «አጉዋ» ብትሉ ውኃ ይሰጧችኋል። የአካባቢው የጎመንና የድንች ሾርባ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ስላለበት፣ የማትበሉ «ሲን ሴርዶ» በሉ።

ቀኑን እንዴት ታውሉት?

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ በደብተራችሁ ጻፉ። «በዚህ አገልግሎት ልቀጥል?»፣ «ትምህርት ልጀምር?»፣ «ከወንድሜ ጋር እንዴት ልታረቅ?» ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መልስ አትፈልጉ፤ ሂዱ፣ ብሉ፣ ተኙ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓት ያለ ወሬና ያለ ስልክ በጽሞና ሂዱ። ማታ ግማሽ ገጽ ጻፉ። በአምስተኛው ቀን ማታ ስትመለሱ የምትፈጽሙትን አንድ እርምጃ ከነቀኑ መዝግቡ።

ስትመለሱም ወደ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ቀን በቤታችሁ ቆዩ። የጻፋችሁትን ለትዳር ጓደኛችሁ ወይም ለምታምኑት የእምነት ወንድም ወይም እህት አንብቡለት፤ ከወር በኋላ እንዲጠይቃችሁም ለምኑት። ማንም የማይጠይቃችሁ ውሳኔ ከፎቶዎቹ ጋር ተረስቶ ይቀራል።

ወደ ስፔን መሄድ የማትችሉም አትዘኑ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ደብተርና ጥቂት ቀን በምትኖሩበት ከተማ ዳርቻም ይገኛል። ጌታ ዕረፍታችሁን ይባርክ።