አልሃክ

አልሃክ በአንድሮይድ ስልኮች የድምፅ ማጫወቻ ሶፍትዌር ውስጥ የተገኙ ሦስት የማኅደረ ትውስታ ደኅንነት ክፍተቶች የጋራ መጠሪያ ነው። ስሙን ያወጣውና ክፍተቶቹን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ይፋ ያደረገው ቼክ ፖይንት የተባለው የእስራኤል የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ ነው።

የችግሩ ምንጭ አላክ የሚባለው የአፕል ኩባንያ የድምፅ መጭመቂያ ዘዴ ነው። አላክ የድምፁን ጥራት ሳይቀንስ የፋይሉን መጠን ያሳንሳል። በ2004 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ በ2011 ኮዱ ለማንም ክፍት ሆነ። ኳልኮምና ሚዲያቴክ የተባሉት ታላላቅ ቺፕ አምራቾችም ኮዱን ወስደው በራሳቸው ሶፍትዌር ውስጥ አስገቡት። አፕል ለራሱ የሚጠቀምበትን ቅጂ በየጊዜው ሲጠግን፣ ለሕዝብ የተለቀቀው ግን ከ2011 ጀምሮ እንዳለ ቀረ። ክፍት ኮድን ብዙ ዓይን ያየዋል ይባላል፤ ይህን ግን ለአሥር ዓመት ያህል ልብ ያለው አልነበረም።

የድምፅ ፋይል ከድምፁ በተጨማሪ ስለ ራሱ የሚናገራቸው ቁጥሮች አሉት፤ ለምሳሌ ድምፁ በስንት ፍሬም እንደተከፈለ። በኳልኮም ሶፍትዌር የተገኘው ክፍተት ይህ የፍሬም ቁጥር በሚገባ ሳይጣራ መታመኑ ነበር። ነገሩ ለሃምሳ እንግዳ ድንኳን በተጣለበት ሰርግ ላይ መቶ ሰው እንደ መምጣት ነው፤ የተረፈው ጎረቤት ግቢ ይገባል። በስልኩ ውስጥ «ጎረቤቱ» ሌላ መረጃ የተቀመጠበት ማኅደረ ትውስታ ነው፤ እዚያ ምን እንደሚገባ የሚወስነውም ፋይሉን ያዘጋጀው አጥቂ ነው። እንደ ሲ ያሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች ወሰኑን በራሳቸው ስለማይጠብቁ፣ አጥቂው በዚህ መንገድ የራሱን ትእዛዝ በስልኩ ላይ ሊያስፈጽም ይችላል።

ሚዲያቴክ ኢትዮጵያ ውስጥ በሰፊው የሚሸጡት የብዙዎቹ የቴክኖ ስልኮች ቺፕ አምራች ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዘፈን በሞባይል ቤት ሚሞሪ ላይ ይጫናል፣ በብሉቱዝና በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ መጀመሪያ ከማን እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ስሙን አይቶ መለየትም አይቻልም፤ የአላክ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እንደ ሌላው ተራ ዘፈን በኤም ፎር ኤ ፋይል ነው።

ሁለቱ ኩባንያዎች ማስተካከያውን በዲሴምበር 2021 አውጥተዋል። ማስተካከያው ስልኩ ላይ የሚደርሰው ግን የስልኩ አምራች ዝማኔ ሲልክና ባለቤቱ ሲጭነው ነው። በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የሚታየው የደኅንነት ዝማኔ ቀን ከዚያ በፊት ከሆነ ማስተካከያው አልደረሰም ማለት ነው። ዝማኔው ብዙ ሜጋባይት ሲሆን ደግሞ በጥቅል ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው «በኋላ» የሚለውን መጫኑ አያስገርምም።