የውይይት ገጽ፦ ከክፋር ዮና እስከ ደሪ

እያንዳንዱ የውክፔዲያ ጽሑፍ በጎኑ ሌላ ገጽ አለው፤ የውይይት ገጽ ይባላል። አንባቢ ብዙውን ጊዜ አይከፍተውም። አዘጋጆች ግን የሚነጋገሩት እዚያ ነው፦ የቱ ስም ይቅደም፣ የቱ ዓመት ትክክል ነው፣ ይህ ዐረፍተ ነገር ከየት መጣ። መልእክት የጻፈ ሰው ከታች ይፈርማል፤ ቀኑና ሰዓቱ አብሮ ይመዘገባል፤ የተጻፈውም የተሰረዘውም በታሪክ ገጹ ላይ ይቀመጣል። ሥራው ደመወዝ የለውም፤ አለቃም የለውም። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድን ገጽ አብረው እንዲሠሩ የሚያስችላቸው እዚያ የሚለዋወጡት ቃል ነው።

ውክፔዲያ በእንግሊዝኛ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2001 ነው። የዕብራይስጡ በ2003 ተከተለ። ዛሬ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ፣ የዕብራይስጡ ከ300 ሺህ በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ገደማ ነው። ከናታንያ በስተምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ክፋር ዮና ተቀምጦ በሦስቱም ቋንቋዎች ለሚያርም ሰው ልዩነቱ በየቀኑ ይታየዋል። በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ የተጠየቀ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት መልስ ሊያገኝ ይችላል። በአማርኛው ግን ጥያቄው ለወራት መልስ ሳያገኝ ሊቆይ ይችላል። ሰው በበዛበት ቤት አንድ ሰው ተቀይሞ ቢወጣ ሌላ ይተካዋል፤ ጥቂቶች ባሉበት ቤት ግን በክፉ ቃል የተባረረ አንድ ጀማሪ ትልቅ ጉዳት ነው። የአማርኛ አዘጋጅ ከማንም በላይ ቃሉን መምረጥ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የከተማዋ የራሷ ስም ለውይይት ጥሩ መነሻ ይሆናል። «ክፋር» በዕብራይስጥ መንደር ማለት ነው፤ «ዮና» ደግሞ ርግብ ማለት ሲሆን የነቢዩ ዮናስም ስም ነው። አማርኛ ተናጋሪ አዘጋጅ «የርግብ መንደር» ወይም «የዮናስ መንደር» ብሎ ቢተረጉም ከቋንቋው አንጻር አልተሳሳተም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው፤ ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1932 ሲቆረቆር የተሰየመው ቤልጂየማዊ የጽዮናዊነት መሪ በነበሩት በዣን (ዮና) ፊሸር ስም ነው። ቦታው በ2014 የከተማነት ደረጃ አግኝቷል፤ ስለዚህ «የክፋር ዮና መንደር» ተብሎ ሲጻፍ መንደር የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ይደገማል፣ ደረጃውም ይሳሳታል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ዝም ብሎ ሰርዞ መሄድ ይቻላል። ነገር ግን ምክንያቱ ካልተነገረው ያው ሰው ነገ መልሶ ይጽፈዋል፤ ከመለሰውም የሚያስወቅሰው ነገር የለም፤ የነገረው የለምና። በውይይት ገጹ ላይ የሚሰፍሩ ሦስት መስመሮች፣ ማለትም ሰላምታ፣ እርማቱና ምንጩ፣ ጉዳዩን ይጨርሱታል።

ሰላምታው ራሱ በአማርኛ ቀላል አይደለም። አዘጋጆች በቅጽል ስም ይፈርማሉ፤ ዕድሜም ጾታም አይታወቅም። «አንተ» ማለት ድፍረት ይመስላል፤ ተቀባይዋ ሴት ብትሆን ደግሞ ስሕተት ይሆናል። «እርስዎ» ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይፈታል፦ አክብሮት አለው፣ ወንድና ሴት አይለይም። «ጤና ይስጥልኝ፤ ትናንት ያሰፈሩትን ዓመት ተመልክቼ አንድ ጥያቄ ነበረኝ» የሚል መልእክት ለተማሪም ለፕሮፌሰርም ይሆናል። ዕብራይስጥ ይህ መውጫ የለውም፤ ግሱ ራሱ «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ መምረጥ አለበት። ስለዚህ የዕብራይስጥ ውክፔዲያ አዘጋጆች ጾታቸውን በምርጫ ገጻቸው ላይ መግለጽ ይችላሉ፤ አለዚያ ጸሐፊው ሁለቱንም ቅርጽ በጭረት ለይቶ ይጽፋል። የእንግሊዝኛው አነጋገር አጭርና ቀጥተኛ ሲሆን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመጣ ቁጣ ይመስላል። «ምንጭ የለም፤ ተሰርዟል» የሚለው በእንግሊዝኛ የተለመደ ማስታወሻ ነው፤ በአማርኛ ግን በር እንደ መዝጋት ይሰማል።

በስም ጉዳይ ረጅሙን መንገድ ከተጓዙት መካከል በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ስለ አየርላንድ የሚጽፉት አዘጋጆች ይገኛሉ። ችግሩ ለማያውቀው ትንሽ ይመስላል። «አየርላንድ» የደሴቲቱ ስም ነው። በደሴቲቱ ላይ ያለው ነጻ መንግሥትም በ1937ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 ስሙ በአይሪሽ ቋንቋ «ኤሬ»፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ «አየርላንድ» ነው። «የአየርላንድ ሪፐብሊክ» የሚለው በ1948 በወጣና በ1949 በጸና ሕግ የመንግሥቱ መግለጫ ሆኖ የመጣ ነው። ደሴቲቱ ግን ከሪፐብሊኩ ሌላ ሰሜን አየርላንድን ይዛለች፤ ይህችኛዋ የዩናይትድ ኪንግደም ክፍል ናት። እንግዲህ «አየርላንድ» የሚል ርዕስ የያዘው ገጽ ስለ የትኛው ይናገር? መንግሥቱን የሚሉት ሕገ መንግሥቱን ይጠቅሳሉ። ደሴቲቱን የሚሉት ሪፐብሊኩ ከመመሥረቱ በፊት የነበረውን የሺህ ዓመታት ታሪክ ይጠቅሳሉ። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ለዚህም ነው ክርክሩ የረዘመው።

ጉዳዩ ለዓመታት ከተንከባለለ በኋላ በ2009 የውክፔዲያ የግልግል ኮሚቴ አዘጋጆቹ ራሳቸው መቋጫ ሥርዓት እንዲያበጁለት አደረገ። በዚያው ዓመት ድምፅ ተሰጠ። የደሴቲቱ ገጽ «አየርላንድ»፣ የመንግሥቱ ገጽ «የአየርላንድ ሪፐብሊክ» እንደተባለ ቀረ፤ ጥያቄው ለሁለት ዓመት እንዳይነሣም ተወሰነ። ከውሳኔው ይልቅ ብልህነት ያለው በጽሑፎቹ ውስጥ በሚሠራበት ልማድ ላይ ነው፦ ደሴቲቱና መንግሥቱ በአንድ ቦታ ተያይዘው ሲነሡና መለየት ሲያስፈልግ «የአየርላንድ ሪፐብሊክ» ይባላል፤ በሌላ ቦታ መንግሥቱ በገዛ ስሙ «አየርላንድ» ተብሎ ይጠራል። በርዕስ ያልረካው ወገን በጽሑፉ ውስጥ ስሙን ያገኛል።

የደሪ ከተማ መፍትሔም ከዚሁ ወገን ነው። በሰሜን አየርላንድ የምትገኘውን ይህችን ከተማ አየርላንዳዊ ብሔርተኞች «ደሪ» ሲሏት ከብሪታንያ ጋር ያለው አንድነት እንዲጸና የሚሹት «ለንደንደሪ» ይሏታል። የተጠቀሙበት ስም ብቻ የተናጋሪውን ወገን ያሳያል። አዘጋጆቹ ከተማዋን «ደሪ»፣ በዙሪያዋ ያለውን አውራጃ «የለንደንደሪ አውራጃ» ብለው ለመጻፍ ተስማሙ። አውራጃው በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲመሠረት በዚያ ስም መቋቋሙም ክርክሩን አግዞታል። ማንም ሁሉን አላገኘም፤ ማንም ባዶ እጁን አልሄደም። የአገራችን ሽማግሌዎች በወሰንና በከብት ጠብ ላይ የሚያደርጉትን ያየ ሰው አሠራሩን ወዲያው ያውቀዋል። በሰሜን አየርላንድ ግጭት ዙሪያ ባሉት ገጾች ላይ ደግሞ ጠበቅ ያለ አጥር አለ፦ በሌሎች ገጾች አንድ አዘጋጅ የሌላውን ሥራ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይሽር ሲከለከል፣ በእነዚህ የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከአንድ ጊዜ በኋላ ያለው መንገድ መነጋገር ብቻ ይሆናል።

የአየርላንድ ስም ጥያቄ እስራኤል ድረስ ይመጣል። ስድስተኛው የእስራኤል ፕሬዚዳንት ኻይም ሄርዞግ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1918 በቤልፋስት ሲሆን ያደጉት በደብሊን ነው፤ አባታቸው ይስሐቅ ሄርዞግ የአየርላንድ ዋና ረቢ ነበሩ። ልጁ በፕሬዚዳንትነት የቆዩባቸው ከ1983 እስከ 1993 ያሉት ዓመታት የኢትዮጵያ ይሁዲዎች (ቤተ እስራኤል) ወደ እስራኤል የተወሰዱባቸው የዘመቻ ሙሴና የዘመቻ ሰሎሞን ዓመታት በመሆናቸው የክፋር ዮና ቤተ እስራኤል ስማቸውን ያውቃል። አሁን በአማርኛ የትውልድ ቦታቸው ምን ተብሎ ይጻፍ? ቤልፋስት ዛሬ በሰሜን አየርላንድ ናት፤ በ1918 ግን ሰሜን አየርላንድ የሚባል አስተዳደር አልነበረም፤ የተቋቋመው በ1921 ነው። «ቤልፋስት፣ ሰሜን አየርላንድ» ብሎ የጻፈ ሰው ለዛሬ አንባቢ አመቻችቷል፤ «ቤልፋስት፣ አየርላንድ» ያለው የዘመኑን አጠራር ጠብቋል። «ቤልፋስት፣ ያኔ የዩናይትድ ኪንግደም ክፍል በነበረችው አየርላንድ» የሚለው ረዥም ቢሆንም ሁለቱን ያስታርቃል፤ ብቁ አዘጋጅ የሚመርጠውም እሱን ነው።

ከስም ምርጫ ቀጥሎ የሚመጣው የፊደል ጉዳይ ነው፤ እዚህ አማርኛ ከሌሎቹ ይልቅ የሚመች ነገር አለው። የአይሪሽ ስሞች በላቲን ፊደል ሲታዩ አጠራራቸውን ይደብቃሉ። በኤስ፣ አይ፣ ኦ፣ ቢ፣ ኤች፣ ኤ፣ ኤን የሚጻፈው የሴት ስም የሚነበበው «ሺቮን» ነው፤ በፊደሉ የሄደ አዘጋጅ «ሲዮብሃን» ብሎ የማንም ያልሆነ ስም ይፈጥራል። ቢና ኤች፣ እንዲሁም ኤምና ኤች ሲገናኙ ብዙ ጊዜ የ«ቭ» ድምፅ እንደሚሰጡ አንዴ የተነገረው ሰው «ኒቭ» የሚለውንም አይስትም። የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ማዕረግ መጨረሻው ላይ እንግሊዝኛ በፊደሉ የማይገልጸው የጉሮሮ ድምፅ አለው፤ የአማርኛ ፊደል ግን «ኽ» ስላለው «ቲሸኽ» ብሎ በትክክል ይጽፈዋል። የሄርዞግ የመጀመሪያ ስም «ኻይም» ሲባልም ከ«ሃይም» ይልቅ ለዕብራይስጡ ይቀርባል። ሌላ አዘጋጅ «ሃይም»ን ቢመርጥ ግን ገጹን ማመስ አያስፈልግም፤ በሁለቱም የፈለገ አንባቢ ወደ አንድ ገጽ እንዲደርስ መምሪያ መንገድ ማበጀት ይበቃል። «ፀሐይ»ና «ጸሐይ»፣ «ዓለም»ና «አለም» በየዕለቱ በሚያከራክሩበት ቋንቋ ይህ ብዙ ሰላም ያወርዳል።

የአማርኛ አንባቢ አየርላንድን በብዛት የሚያገኛት በሩጫ በኩል ነው። በሲድኒ ኦሊምፒክ የሴቶች 5 ሺህ ሜትር አየርላንዳዊቷ ሶንያ ኦሱሊቫን ብር፣ ጌጤ ዋሚ ነሐስ አግኝተዋል። ቀነኒሳ በቀለ በ1994 ዓ.ም. መጋቢት ወር የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት በአንድ ውድድር ያሸነፈው በደብሊን ጫፍ ሌፐርድስታውን በተባለ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ነው። ይህን ስም በእንግሊዝኛ ያነበበ ሰው «የነብር ከተማ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። የአይሪሽ ስሙ ግን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መኖሪያ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛው ድምፁን አጣምሞ ነብር አደረገው። በክፋር ዮና ርግብ እንደሌለች ሁሉ እዚያም ነብር የለም፤ የአንዱን ገጽ ስሕተት ያረመ አዘጋጅ የሌላውን በቀላሉ ይረዳል። ዘመን አቆጣጠሩም በዚህ ርዕስ ይፈትናል። ደብሊን አካባቢ የተወለደው ቦብ ጌልዶፍ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ያስተባበረው ላይቭ ኤይድ በፈረንጆቹ ጁላይ 13 ቀን 1985 ሲካሄድ በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር። አንዱ አዘጋጅ 1985፣ ሌላው 1977 ቢጽፍ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የቆጠራው ስም ካልተጠቀሰ ግን አንባቢው ስምንት ዓመት ይሳሳታል።

አንድ ሕዝብ ራሱን በሚጠራበት ስም ላይ ጉዳዩ ከፊደል ያልፋል። በድሮ መጻሕፍት «ፈላሻ» የሚለው ስም ይበዛል፤ ማኅበረሰቡ ራሱን የሚጠራው ግን ቤተ እስራኤል ብሎ ነው፤ የቀደመውን ስም የሚሰማውም እንደ ስድብ ነው። ገጹ ማኅበረሰቡ በሚጠራበት ስም ይከፈታል፤ አሮጌው ስም በውስጡ ከነታሪኩ ይገለጻል፤ የድሮ መጽሐፍ ይዞ የመጣ አንባቢም በመምሪያ መንገድ ይደርሳል። ቃሉን ሳያውቅ የተጠቀመ ወጣት ላይ መጮህ አይገባም፤ በአክብሮት ሲነገረው አብዛኛው ወዲያው ያርማል። ከዚህ የሚከብደው የሽማግሌዎች ቃል ጉዳይ ነው። ከጎንደር አካባቢ ተነሥተው እስከ ሱዳን በእግር ተጉዘው የመጡ አረጋውያን በናታንያና በዙሪያዋ አሉ፤ የሚያውቁት በየትኛውም መጽሐፍ የለም። የውክፔዲያ ደንብ ደግሞ የታተመ ምንጭ ይጠይቃል። «ምንጭ አይደሉም» ብሎ ለልጅ ልጃቸው መጻፍ የሰው ክብር መንካት ነው። የአዘጋጁ ተገቢ መልስ ቃሉ መጀመሪያ በሌላ ቦታ፣ በመጽሐፍ ወይም በጋዜጣ ወይም በጥናት፣ እንዲታተም መንገድ ማሳየት ነው፤ ከታተመ በኋላ ወደ ገጹ ለመግባት ምንም አያግደውም።

ሁለት ሰዎች ሳይግባቡ ሲቀሩ ሦስተኛ ይጠራል። ሦስተኛው ስለ ሰዎቹ ፍርድ አይሰጥም፤ ምንጮቹን አንብቦ በጽሑፉ ላይ ብቻ ሐሳቡን ይሰጣል። የረዘመ ውይይት በመጨረሻ ወደ መዝገብ ይዛወራል፤ በእንግሊዝኛው የአየርላንድ ገጽ ያለፉት የስም ክርክሮች ተጠብቀው ስለሚገኙ አዲስ የመጣ ሰው ከመናገሩ በፊት ሊያነባቸው ይችላል። ለአማርኛው ትንሽ ገጽ ያን ያህል አያስፈልግም። «ዮና የተባሉት ዣን ፊሸር ናቸው፤ ምንጩን ከጽሑፉ ግርጌ አስቀምጫለሁ፤ የተሻለ ካለዎት እባክዎ ይጨምሩ» የሚል አንድ መስመር ከፊርማና ከቀን ጋር በውይይቱ አናት ላይ ከቆየ ይበቃል።