ከቍርጥራጭ ዋንዛ የሚሠራ የቁም ሣጥን እግር

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ የቤት ዕቃ ሲታሰብ አስቀድሞ የሚጠራው ዕንጨት ዋንዛ ነው። ለመሮና ለመላጊያ ይመቻል፤ መልኩም ያማረ ነው። ነገር ግን በዚህ አካባቢ ነባሩ ዛፍ ተመናምኖ፣ ትልልቁ በብዛት የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ባለው ደን ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94፣ ኋላ በሌላ አዋጅ ቢተካም፣ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቍረጥን የከለከለው ስለዚሁ ነበር።

ይሁን እንጂ ቁም ሣጥን በአፈር ወለል ላይ በቀጥታ ሲቀመጥ እርጥበትና ምስጥ ታቹን ይበላዋል፤ ስለዚህ ወፍራም እግር ያስፈልገዋል። ወፍራም እግርንም ከአንድ ግንድ ቢያወጡት፣ ዕንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለማይኮማተር፣ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል። እንግዲህ ግንድ ሳይወድቅ እግሩ እንዴት ይገኛል?

መልሱ ለምድጃ በሚጣለው ቍርጥራጭ ውስጥ አለ። 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ክብ እግር፣ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 4 ሳንቲ ሜትር ወርድ ካለው ደረቅ ጣውላ 12 ቍራጮች ይዘጋጃሉ። ክብ 360 ዲግሪ ነውና ለእያንዳንዱ ቍራጭ 30 ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ጫፎቹ በ15 ዲግሪ ሰያፍ ይቈረጣሉ። የውጭ ጎኑ ርዝመት 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሁን፤ ትርፉ በቶርኖው ላይ ይነሣል። በዚህ ሥራ ጥቂት ስሕተት ብዙ ነው፤ በ24ቱ ጫፎች ላይ ግማሽ ግማሽ ዲግሪ ቢሳት፣ ቀለበቱ 12 ዲግሪ ይዛነፋል። ብልህ ሠራተኛ ግን አስቀድሞ ሁለት ግማሽ ቀለበቶችን በኮላ ያጣብቃል፤ ሲደርቁም ጫፎቻቸውን በብርጭቆ ወረቀት ላይ አስተካክሎ ያጋጥማቸዋል።

እንዲህ የተሠሩ አምስት ቀለበቶች ሲደራረቡ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይሰጣሉ። የዕንጨት ጫፍ ከጫፍ ጋር ሲጣበቅ ደካማ ስለ ሆነ፣ ግንበኛ ድንጋይን እንደሚያፈራርቅ፣ የላይኛው መጋጠሚያ በታችኛው ቍራጭ መሐል ላይ ይዋል። በመሐል በሚቀረው ቀዳዳ ከሣጥኑ ታች የተተከለ ክብ ካስማ ይገባበታል።

ኮላው አንድ ቀን ሙሉ ሳይደርቅ ቶርኖው አይነሣ። ሲነሣም በዝግታ ይዙር፤ ሠራተኛውም ከቀለበቱ ትይዩ ፈቀቅ ብሎ ይቁም፤ ዐይኑን ይከልል፤ ጋቢውንና ነጠላውን ያውልቅ፤ የሚዞር ዕንጨት የልብስ ጫፍ ከያዘ ሰውን ይስባልና።

አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ በትምህርት ቤት የተማረው የማዕዘን ሒሳብ በደብተር ብቻ እንዳይቀር፣ ወደ ዕንጨት ሠሪው ዘንድ ስደዱትና ቍርጥራጩን ይለካ። 15 ዲግሪን በትክክል የሚቈርጥ እጅ ለቤቱ ዕቃ፣ ለራሱ እንጀራ ያገኛል፤ ዋንዛውም በሥሩ ላይ ቆሞ ይቈያል።