አይሶቶፕና ከራስጌው ያለችው ቁጥር

አይሶቶፕ በጀማሪ ኬሚስትሪ ውስጥ አንድ ገጽ የማይሞላ ርዕስ ነው። ብዙዎቻችን ትርጉሙን ሸምድደን፣ ለፈተና ጽፈን እናልፈዋለን። እኔ ግን ርዕሱ ከእኛው ከባሌ ተራሮች ጋር ምን እንደሚያገናኘው በአጭሩ ላሳያችሁ እወዳለሁ።

መጀመሪያ አጻጻፉን እንይ። ከንጥረ ነገሩ ምልክት በስተግራ፣ ከግርጌው የፕሮቶኖቹ ቁጥር ይጻፋል፤ አቶሚክ ነምበር የምንለው ነው። ከራስጌው የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር፣ ማለትም ማስ ነምበር ይቀመጣል። የግርጌው ማንነትን ይወስናል፤ 17 ከሆነ ክሎሪን ነው፣ አለቀ። የራስጌው ግን በዚያው በክሎሪን ውስጥ ይለያያል። 35 ሲሆን ኒውትሮኖቹ 18፣ 37 ሲሆን 20 ናቸው። እነዚህ አይሶቶፖች ናቸው። ስሙ «እኩል ቦታ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የመጣ ነው፤ በፔሪዮዲክ ቴብል ላይ የሚቀመጡት አንድ ቤት ውስጥ ነውና።

በተፈጥሮ ከሚገኘው ክሎሪን ከአራቱ ሦስቱ እጅ ያህል ክሎሪን-35፣ የቀረው ክሎሪን-37 ነው። ሠንጠረዡ ላይ 35.45 የሚለው የሁለቱ አማካይ እንጂ የአንድ አቶም ክብደት አይደለም። ግማሽ ኒውትሮን የሚባል ነገር የለም እኮ!

የግርጌው ቁጥር ቢቀር ችግር የለውም፤ ምልክቱ ራሱ ይነግረናል። ክሎሪን-35 ብሎ መጻፍ የሚበቃውም ለዚህ ነው። የራስጌው ቢቀር ግን የሚነግረን የለም። ይህ ምን ያጎድላል? ወደ ተራራችን እንውጣ።

በባሌ ተራሮች፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፊንጫ ሀበራ የተባለ የዋሻ መጠለያ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች ኖረውበታል፤ ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ዕድሜው የታወቀው በካርቦን-14 ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሲሞት አዲስ ካርቦን ማስገባት ያቆማል፤ ያለው ካርቦን-14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሲፈርስ ከግርጌው ያለው 6 ወደ 7 ያድጋል፣ የራስጌው 14 ግን አይነካም። ስለዚህ የሚገኘው ናይትሮጅን-14 ነው፤ የካርቦን አይሶቶፕ አይደለም። ከስምንት ግማሽ ዕድሜ በኋላ፣ ማለትም ከ46,000 ዓመት ገደማ በኋላ፣ የሚተርፈው ከ256 አንድ እጅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ክሎሪን-36 ነው። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር በድንጋይ ውስጥ ያሉ እንደ ካልሲየምና ፖታሲየም ያሉ አቶሞችን ሲመታ ይፈጠራል። የበረዶ ግግር ተሸክሞት የመጣ ቋጥኝ፣ በረዶው ትቶት ሲሸሽ ለጨረሩ ይጋለጣል፤ ክሎሪን-36ም መጠራቀም ይጀምራል። በዚህ መንገድ ተለክቶ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የደጋው በረዶ እጅግ የተስፋፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት እንደነበር ተገለጸ። ሁለቱን ሰዓቶች አስተያዩአቸው፤ ሰዎቹ የኖሩት በረዶው ባለበት ዘመን ነው ማለት ነው!

እኔን በጣም የገረመኝ የላቦራቶሪው ሥራ ነው። ክሎሪኑን ከቋጥኙ የሚለዩት ሲልቨር ክሎራይድ አድርገው በማዝቀጥ ነው፤ እኛም በላብ የምናውቀው ነጭ ዝቃጭ! በዚያ ዝቃጭ ውስጥ 35፣ 36 እና 37 አብረው ይወርዳሉ፤ የኬሚስትሪ ጠባያቸው አንድ ስለሆነ ብሩ አይለያቸውም። የሚለያቸው ክብደታቸውን የሚለየው መሣሪያ ነው።

እንግዲህ «ካርቦን» ብለን ብቻ ብንጽፍ የነገርነው ከሰል መኖሩን ነው። «ካርቦን-14» ስንል ግን የእሳቱን ዘመን መጠየቅ እንችላለን። ስለዚህ በሚቀጥለው ፈተና ከራስጌው ያለችውን ቁጥር ስትጽፉ በጥንቃቄ ይሁን። ቸር እንሰንብት።